ሙንታሲር የተመሰገነበት ገጽ

«ማን ረዳሽ?»

የሳይንስ መምህሯ ሚስ ሊንዚ ይህን ሲጠይቁ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። ኒስሪንን ያስፈራትም ይኸው ነው፤ የሚቆጣ ሰው ቢያንስ ምን እንደሚያስብ ይታወቃል።

«ማንም» አለች።

መምህሯ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ወደ እሷ አዞሩት። ራሷ የሞላችው ማመልከቻ የመጨረሻ ገጽ ነው። ከታች አንድ መስመር በቢጫ ተቀልሟል፦ «ወንድሜ ሙንታሲር እንድሪስ ባይኖር ኖሮ ይህ ሥራ አይሳካም ነበር።»

«መራጮቹ ይህን አንብበው ደወሉልኝ። ሙንታሲር ኮምፒውተር የሚማረው ነው አይደል? ደግሞ ወንድምሽ ከሆነ የአባት ስማችሁ ለምን ይለያያል?»

«የአጎቴ ልጅ ነው። እኛ ወንድም ነው የምንለው።»

«እሺ» አሉ መምህሯ። ያመኑ ግን አይመስሉም። «ገጹን ማስተካከል ከፈለግሽ እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ሰጥተዋል። ሥራው የእሱ ከሆነ ግን አሁኑኑ ብትተዪው ይሻላል።»

ራሷ በሠራችው የበር ደወል ያመለከተችበት የምህንድስና ፕሮግራም የሚቀበለው አሥራ ሁለት ሴት ልጆችን ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከመሐንዲሶች ጋር መሥራት። ኒስሪን ስለ እሱ ከሰማችበት ቀን ጀምሮ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቷታል።

ኮሪደሩ ላይ ጓደኛዋ ኢቢሴ ትጠብቃት ነበር። ሁሉንም ነገረቻት።

«ሲርየስሊ?» አለች ኢቢሴ። ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ «ግን... እሱ ትንሽ እንኳን አልነካካውም?»

«አንቺም?»

«ኖ፣ ኖ! ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት። በዒድ ቀን ግን ለሰው ሁሉ ‹የበር ደወሏን ሠራን› እያለ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። አንቺ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ኬክ ትበዪ ነበር።»

ወደ ሰፈሯ ታርኔት በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ኒስሪን ይህን ስታብሰለስል ሄደች። ምናልባት ለመራጮቹ የደወለው ራሱ ሙንታሲር ይሆን? ለአንዲት መስመር ብቻ ያን ያህል ይጠራጠራሉ?

መስመሯን ያስጻፏት እናቷ ነበሩ። ማመልከቻውን ስትሞላ ከኋላዋ ቆመው፣ «ታላቅ ወንድምሽ ቤንዚኑን አቃጥሎ እያመላለሰሽ ስሙን ሳትጠሪ? ነውር ነው! ‹ያላንተ አይሆንም ነበር› በይ» አሏት። አለች። እነሱ ቤት ይህ ምስጋና ነው፤ ማንም እንደ ምስክርነት አይቆጥረውም። የመራጮቹ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ግን የጥፋተኛ ቃል መሰለ።

አባቷ ከሞቱ ወዲህ እናቷ ሳጂዳ በአረጋውያን መጦሪያ ናይት ሺፍት ይሠራሉ፤ የሚተኙት ቀን ነው። ዕቃ የሚያደርሱ ሰዎች ደግሞ የሚመጡት ቀን ነው። ኒስሪን የሠራችው የበር ደወል የእናቷ ክፍል መጋረጃ ሲዘጋ ጨለማውን ያውቅና አይጮህም፤ በምትኩ ኩሽና ውስጥ ቀይ መብራት ያበራል። አራት ወር ፈጅቶባታል። መጀመሪያ ላይ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር መጋረጃው የተዘጋ እየመሰለው ዝም ይል ስለነበር፣ አንድ ቅዳሜ ኢቢሴ ግማሽ ሰዓት ደጅ ቆማ በዝናብ በስብሳለች።

ቤት ስትገባ እናቷ የሥራ ልብሳቸውን ይተኩሳሉ።

«እማዬ፣ ደወሉን ማን የሠራው ይመስልሻል?»

«ከሙንታሲር ጋር አይደለም እንዴ?»

ኒስሪን ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆመች። «እሱ አንድ ቀን እንኳን ሽቦ ሲነካ አይተሽዋል?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? ተኝቼ ነው የምውለው። ኮምፒውተር የሚማረው እሱ ነው፤ አንቺ ደግሞ...» ንግግራቸውን አልጨረሱትም። ዓይኗን ትኩር ብለው አዩ። «ብቻሽን ነው የሠራሽው? ወላሂ በዪ።»

«አልልም።»

«ለምን?»

«እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው የሠራሁት። በገዛ ቤቴ ለምን እምላለሁ?»

እናቷ ካውያውን አቆሙ። «አባትሽ ቢኖር...» ብለው ጀመሩና ወደ ሸሚዙ ኮሌታ ተመለሱ። አንዱን ጎን ሁለት ጊዜ ተኮሱት። ከዚያ፣ «በይ አስረጂኝ» አሉ።

አስረዳቻቸው። እናቷ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «መጋረጃውን ዘግቼ መብራት አብርቼ ብተኛስ?»

ኒስሪን አሰበች። «አላውቅም። እሱን አላሰብኩትም።»

«እንግዲያው የራስሽ ነው» አሉ እናቷ። «ሙንታሲር ቢሆን አውቃለሁ ይል ነበር።»

ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «አጎትሽ እንድሪስ ግን ልጄ ሠራው ብሎ ለመንደሩ ሁሉ አውርቷል። ብታስቢበት።»

እናቷ ወደ ሥራ ሲወጡ ሙንታሲር ጋ ደወለች።

«ለፕሮግራሙ መራጮች ደውለሃል?»

«እኔ? ለምን ብዬ?» የሆነውን ነገረችው። «ስሚ፣ አብረን ሠራን በያቸው። ምን ትጎጂያለሽ? መኪናውን የነዳሁት እኔ አይደለሁም?»

«ሠራን ካልኩ አይቀበሉኝም።»

«ኒስሪንዬ...» ድምፁ ወረደ። «ዩኒ ከተውኩ ሦስት ወር ሆነኝ። አባባ አያውቅም። በደህና ዓይን የሚያየኝ ስለዚያ ደወል ሲያወራ ብቻ ነው። እባክሽ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ኒስሪን እውነቱን ይሁን አንጀቷን ሊበላ ብሎ መለየት አልቻለችም። ቢሆንም አሳዘናት። ማዘኗ ደግሞ አናደዳት።

ገጹን ከፈተች። መጀመሪያ ስሙን ጨርሶ አጠፋችው። ይህም ልክ አልመጣላትም። እንደገና ጻፈች፦ «የአጎቴ ልጅ ሙንታሲር ዕቃ ለመግዛት አምስት ጊዜ በመኪናው ወስዶኛል፤ አመሰግነዋለሁ። ንድፉን፣ ሽቦውንና ኮዱን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ከማንም በፊት ለሙንታሲር ላከችለት። ከሥሩም፣ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይሄዳል። አባትህ ከሌላ ሰው ከሚሰማ አንተ ንገረው። ስለ ዩኒ ከእኔ አይወጣም» ብላ ጨመረች።

ለሚስ ሊንዚ የሚሄደውን ኢሜይል ጻፈች፣ ገጹን አያያዘች፣ በሁለት ሰዓት ራሱ እንዲሄድ አዘዘችው። ስልኳ ላይ ሙንታሲር እየጻፈ መሆኑን የሚያሳዩት ነጠብጣቦች ብቅ አሉ፣ ጠፉ፣ እንደገና ብቅ አሉ።

ኒስሪን መልሱን አልጠበቀችም። ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችና እናቷ ስለ መብራቱ የጠየቁትን ደብተሯ ላይ መጻፍ ጀመረች።