ለጊዜው የተቀጠለው ቁጥር

«መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ቀይሪዋ። ሠላሳ አንዱን ሠላሳ ሁለት አድርጊው» አለቻት ጓደኛዋ ቀጮ፣ ስክሪኑ ላይ የገጹን አድራሻ እየጠቆመች።

በክፍሉ «ሊቋ» የሚሏት ልጅ ቀየረችው። የራሷ የውጤት ገጽ ጠፋና የአዲሷ ተማሪ ገጽ ከች አለ። ከነጥቦቹ ሥር የክፍል ኃላፊው መምህር ማስታወሻ አለ፦ «ዘጠነኛን የምትደግም ናት። ለማንም እንዳይነገር ጠይቃለች።»

ሊቋ ክው አለች። ዛሬ ጠዋት ሰሌዳው ላይ «ደጋሚ» ተብሎ በትልቁ ተጽፎ ነበር። አዲሷ ልጅ ደግሞ ሚስጥሯን የነገረችው ለክፍል አለቃዋ ብቻ ነው። «አንቺን አምኜ» ብላ በሁሉም ፊት አለቀሰችባት። አለቃዋ ብትምል ብትገዘት ማን ይስማት።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለች ሊቋ።

«ኧረ እኔ አይደለሁም። ለአንድ ልጅ አሳየሁት፣ እሱ ጻፈው። ደግሞ ምን ታፈጪብኛለሽ፣ ሊንኩን የሠራሽው አንቺ!»

እውነቷን ነው። የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ የሚሠራው የኮምፒዩተር ክበቡ ነው፤ የየተማሪውን ሊንክ የሚያወጣውን የኮድ ቅጽ የጻፈችው ደግሞ ሊቋ። የክበቡ መምህር «አድራሻው ላይ የተማሪ ቁጥር እንዳትቀጥዪ፤ ለየሰዉ የተሰጠውን ረጅም የሚስጥር ቁልፍ ቀጥዪ» ብለዋት ነበር። ቀጥላም ነበር። ግን አንዳንዱ ቁልፍ ውስጥ የመደመር ምልክት አለ፤ አድራሻ ውስጥ ሲገባ ምልክቱ ክፍት ቦታ ይሆንና ገጹ አልከፈት ይላል። ውጤት የሚወጣበት ቀን ደርሶባት ለጊዜው ብላ ቁጥሩን ቀጠለች። ለጊዜው! ይኸው ሦስት ሳምንቱ።

«አስተካክይውና ዝም በይ፤ ማን ያውቃል?» አለች ቀጮ። «የአለቃም ነገር በሳምንቱ ይረሳል።»

ሥራው ቀላል ነው። ቁልፉን፣ የመደመር ምልክቱን ለአድራሻ እንዲስማማ አድርጎ በሚቀይረው ትእዛዝ ውስጥ ማሳለፍ፣ በቁጥር መግባቱን መዝጋት፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ግን አለቃዋ እንዳልተናገረች የሚያሳይ ምንም ነገር አይቀርም። ሊቋ ፈርታለች። ከክበቡ መባረሩንም፣ የክፍሉን ዓይንም ፈርታለች። ምንም ሳትነካ ተነሥታ ወጣች።

አዲሷን ልጅና አለቃዋን በስንት ልመና ወደ ኮምፒዩተሩ ይዛቸው መጣች። ቀጮ ሹልክ ብላ ሄዳለች።

«ይሄ የኔ ገጽ ነው» አለች ሊቋ ለአዲሷ ልጅ። «እዚህ ጋ የኔን አጥፊና ያንቺን ቁጥር ጻፊ።»

ጻፈች። ማስታወሻውን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከኋላዋ አለቃዋ ዓይኗን በእጇ ጠረገች።

«ማነው እንዲህ አድርጎ የሠራው?» አለች አዲሷ ልጅ።

«እኔ ነኝ። አለቃ ምንም አልተነፈሰችም። የክበቡ መምህር ጋ ልሄድ ነው፤ ቀድሜ ለናንተ ልንገር ብዬ ነው።»

አዲሷ ልጅ አልተሳደበችም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላለችም። ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠች።

«አስተካክይው» አለች። «እዚሁ፣ እያየሁሽ።»