ስህተት ዘጠና

«ከነገሩ ጦም እደሩ» ይባላል። እኔ ሌላው ጦም አያቅተኝም፤ ይሄኛውን ግን አልቻልኩም። ስለዚህ ልንገራችሁ።

የልጄ ልጅ አለች፤ ያሳደግኳት እኔው ስለሆንኩ ልጄ ነው የምላት። የምትሠራው ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ የሕፃናት ክትባት የሚቀመጥበት መጋዘን ነው። በሩ ወፍራም፣ ውስጡ ብርድ የሆነ ክፍል አለ፤ ቁልፉን የምትይዘው እሷ ናት። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ መዳፍ የምታህል ሣጥን ተሰቅላለች። ሙቀት መዝጋቢ ይሏታል። ቀጭን ሽቦዋን ወደ ውስጥ ሰዳ ብርዱን እየለካች ትይዛለች። ሲያማት ቀይ መብራት ታበራና ቁጥር ታወጣለች። እዚህ ጋ አመመኝ ማለት የለ፣ ቁጥር ብቻ! ልክ እንደ ልጄ። እሷም ሲከፋት አትናገርም፤ ፊቷን ማንበብ ነው።

ያቺን ሣጥን የሚጠግናት ልጅ አለ። «መፍቻ» ነው የምለው፤ ከኪሱ መፍቻ አይጠፋም። ረጅም ነው፣ ዐይን አፋር። እኔን ሰላም ሲለኝ እንኳ ጫማዬን ነው የሚያየው። ሣጥኗ መቼ ምን እንደምታደርግ በላፕቶፕ የሚያዛት እሱ ነው።

ለልጄ ምሳ ይዤ ስሄድ አያቸዋለሁ። እሷ ሌላ ቦታ ስታይ እሱ እሷን ያያል። እሷ ዞር ስትል እሱ ሽቦውን ያያል። ኧረ የሰው ያለህ! በዚህ ዓይነት መቼ ሊገናኙ ነው?

አንድ ቀን ቁጭ አድርጎ አስተማራት።

«አንድ ካለሽ ባትሪው ደክሟል፤ ቀይሪው። ሁለት ካለሽ የሽቦው መሰኪያ ላልቷል፤ አጥብቂው። ሦስት ካለሽ ሜሞሪው ሞልቷል፤ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጪና አራግፊው። ቁጥሩን ሳታዪ ግን ምንም እንዳትነኪ።»

«ሌላ ቁጥር ከመጣስ?»

«ያኔማ... ትደውይልኛለሻ» አለና አንገቱን ደፋ።

እኔ ከደጅ ሆኜ ፈገግ አልኩ። ልጄ ግን የገባት ሌላ ነው። ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወረወረችው።

«እማዬ፣ ያ ልጅ እኔን ሰልችቷል።»

«ደግሞ ምን አደረገሽ?»

«ሁሉንም ራስሽ አድርጊው አለኛ! አትጥሪኝ ማለቱ እኮ ነው።»

ልጄ ጎበዝ ናት፤ ጉብዝናዋን ግን እልኋ ይበልጠዋል። ባትሪው ሲደክም ቀየረች። ሽቦው ሲላላ አጠበቀች። አልጠራችውም። እሱም፣ በኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ ስልኩን እያየ «በቃ አልፈለገችኝም» ብሎ ተቀመጠ። ወራት አለፉ።

አንድ ረፋድ ላይ ስደርስ ኮሪደሩ ሕፃን ባዘሉ እናቶች ተሞልቷል። ልጄ ሣጥኗ ፊት ቆማለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

«ስንት አለች?»

«ዘጠና።»

«ዘጠና ደግሞ ምንድን ነው?»

«መመሪያው ላይ የለም፣ እማዬ። ባትሪ ቀየርኩ፣ ሽቦውን አጠበቅኩ፣ ሜሞሪውን አራገፍኩ። አልሄድ አለኝ!»

አለቃዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መጣች።

«ምን እንደሆነ ካልታወቀ ብርዱ ልክ ነበር ብዬ መፈረም አልችልም። ያልተረጋገጠ ክትባት ደግሞ ለሕፃን አይሰጥም። እስከ ምሳ ሰዓት ካልታወቀ ይቃጠላል።» ወደ ልጄ ዞረች። «አንቺንም ማንም አያተርፍሽ።»

የዚያ ሁሉ ሕፃን ክትባት! የልጄ ሥራ!

«ደውዪለት» አልኳት።

«አልደውልም። ራስሽ ትችያለሽ ብሎኛል።»

«አንቺ ልጅ፣ እልህሽን ለባልሽ አስቀምጪው! ደውዪ!»

ከእናቶቹ መሀል አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ልጄ ዞር ብላ አየችው። ስልኳን አወጣች።

«ዘጠና» አለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ከዚያኛው በኩል «መጣሁ» አለ መፍቻ።

እያለከለከ ደረሰ። እናቶቹን አየ፤ አለቃዋን አየ፤ የልጄን ዐይን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዘጠና ብልሽት አይደለም» አለ።

«ታዲያ ምንድን ነው?» አለች አለቃዋ።

«እኔ ነኝ የጨመርኩት። ብዙ ጊዜ ካልጠራችኝና ላፕቶፔን ካልሰካሁባት እንዲመጣ አድርጌ። የማታውቀው ቁጥር ከመጣ... ትደውልልኛለች ብዬ።»

አንዷ እናት «ውይ!» አለች። እኔ አፌን በመዳፌ ያዝኩ፤ ልስቅ ይሁን ላለቅስ አላወቅኩም።

ላፕቶፑን ከፍቶ የተመዘገበውን ሁሉ አሳየ። አለቃዋ መነጽሯን አውርዳ መረመረችው። ብርዱ አንድም ቀን አልተዛነፈም።

«ክትባቱ ይሰጥ» አለች። «አንተ ግን ሳትጠራ እዚህ በር ላይ እንዳላይህ!»

ልጄ ጠጋ አለችው። ትስቅለታለች ብዬ ነበር።

«ሕፃናት ናቸው» አለችው ቀስ ብላ። «እንዴት አስቻለህ?»

«አላሰብኩትም። አንቺን ብቻ ነው ያሰብኩት። ጥፋቴ ነው።»

«ሰርዘው።»

እሷ እያየችው ሰረዘው። መፍቻውን ኪሱ ከትቶ፣ ወደ ኋላ ሳያይ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ልጄ የምትበላውም የምትተኛውም ቅጡ ጠፋ። እኔ ደግሞ ወሬ አያልፈኝምና፣ ልጁ ወደ ሌላ ከተማ ልዛወር ብሎ መጠየቁን ሰማሁ። ሮጬ ነገርኳት።

«ይቅር በዪውና ጥሪው!»

«ይቅርማ ብዬዋለሁ» አለች፤ ዐይኗ ሞላ። «ግን ምን ብዬ ልጥራው? ቁጥሩን ሁሉ ዐውቀዋለሁ።»

በማግስቱ ምሳዋን ይዤ ስገባ ቀዩ መብራት በርቷል። ሁለት ይላል። «ደግሞ!» አልኩ። ልጄ ግን መሰኪያውን ያዘች፣ ጠምዘዝ አደረገችው፤ መብራቱ ጠፋ። አለቀ። ሣጥኗን ትንሽ አየቻት። ከዚያ ስልኳን አነሳች።

«ሁለት ብሎ ነበር።»

ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማኝ። «መሰኪያው ነዋ። አጥብቂው፤ ታውቂው የለ?»

«አጥብቄዋለሁ። ጠፍቷል።»

«ታዲያ... ምን ልርዳሽ?»

እኔ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ምንም» አለች። «ሳትጠራ እንዳትመጣ ተብለህ የለ?»

«አዎ።»

«ጠራሁህ።»

መጣ። መፍቻውን እንኳ አልያዘም። የዚያን ቀን ሽቦውን ዞር ብሎ አላየውም፤ እሷን ነው ያያት። እሷም ዐይኗን አልሰበረችም።

እኔ ምሳውን አስቀምጬ ወጣሁላቸው። እርግጥ በሩ ጥግ ትንሽ ቆሜያለሁ። ይሄን ጦም አልችልም ብያችሁ የለ!