ሰው የሌለበትን ክፍል ስጠርግ

ውሸት ነው የምትል ካለህ አሁኑኑ ዝጋውና ሂድ። የማንንም ጭብጨባ አልፈልግም።

ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እያወራሁ የምትጽፈው የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ አንዲት ቃል እንዳታሳምርብኝ አስጠንቅቄያታለሁ። ዓይኔ ግን ደህና ነው። አእምሮዬም ዲግሪ ከደረደረው ሁሉ ይሻላል።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት...

አስፈሪ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው አለ። ይምሰለው።

ሙዚየም ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ጠርጌያለሁ። ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ጎብኚው ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሠራተኛው ምሳውን ይበላል። እኔ የምጠርገው ያኔ ነው። ሰው እየረገጠው የሚጠረግ ቤት ተጠረገ አይባልም።

ከደረጃው በታች አንድ ሰፊ ክፍል ነበር። «የሩቁ ዘመን ክፍል» ይሉታል። ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ምድር ምን ትመስል ይሆን ብለው ያሰናዱት ነው።

ወለሉ በሙሉ ነጭ አሸዋ። ጣሪያው ላይ ትልቅ ቀይ መብራት... ያረጀች ፀሐይ ናት አሉ። ከአሸዋው ውስጥ የተቀበሩ ፎቆች ጫፋቸው ብቅ ብቅ ብሏል፤ ከጉልበቴ አይበልጡም። ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ስዕል ነው። የደረቀ ባሕር፣ ባዶ ሜዳ፣ ሰማይ።

ሰው የለም። አንድም።

ጎብኚው በሩ አጠገብ ከተዘረጋው ገመድ አያልፍም። ቆሞ ያያል፣ ይተክዛል፣ ይወጣል።

ያንን ክፍል የሠራችው ልጄ ናት።

ሚጣ እላታለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቷትም ሚጣ ነበረች። አባቷ ጥሎን ሲሄድ ጀርባዬ ላይ አዝዬ የሰው ቤት እየጠረግሁ ያሳደግኋት አንዲት ልጄ። እኔ የምጠርገው ቤት ውስጥ እሷ ቅርጽ ሠሪ ሆና ስትቀጠር፣ ያን ቀን መጥረጊያዬን እንደ ዘንግ ይዤ ነው የተንጎራደድኩት።

ክፍሉን መጀመሪያ ያሳየችኝ ቀን እጇ ቀለም በቀለም ሆኖ ነበር።

«እማ፣ እንዴት ነው?»

«ሰዉስ?»

«ምናልባት ሌላ ዓለም ሄዷል። ምናልባትም... የለም።»

«ሰባት ወር እንቅልፍ ያጣሽው ለዚህ ነው? ባዶ ሜዳማ ከቤታችን ጀርባም አለ።»

ሳቀች። ያን ጊዜ ስትስቅ ያስላት ጀምሮ ነበር።

«አንቺ ብትሆኚ ሁሉም ሲሄድ ትቀሪ ነበር?»

«እኔ? አንድ ሰዓት አልቀርም! ሰው ለሌለበት ቤት ማን ይጠርጋል!»

የእጇን ቀለም በጨርቅ ጠረገች። ከዚያ ቀስ ብላ...

«እኔ ግን እቀር ነበር። አንድ ሰው መቅረት አለበት፣ እማ። የሄደው ሲመለስ ደጁን ዳዋ ውጦት እንዳያገኘው።»

«እንግዲያው ብቻሽን ቅሪ» አልኳት።

እንዲህ ነው ያልኳት። በዚህ አፌ።

በማግስቱ ስዕሉ ላይ፣ ሜዳው ከሰማዩ ጋር የሚገናኝበት ላይ፣ አንድ ቤት ጨምራ አገኘሁ። ከጥፍሬ አይበልጥም። በሩ ዝግ ነው።

«ላንቺ ስል ነው» አለችኝ።

አመሰግናለሁ አላልኳትም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣልኝም።

ክፍሉ ለሕዝብ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሞተች። ሳምባዋ ነው። ፀጉሯን እኔው ጎንጉኜ ቀበርኳት። ጥቁር፣ ረጅም... አንድ ሽበት አልነበረባትም።

በአሥረኛው ቀን ሥራ ገባሁ። «እረፊ እንጂ» አሉኝ። ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ልቁጠር?

የአሸዋ አጠራረግ እንደ ሲሚንቶ አይደለም። ከውስጠኛው ግድግዳ ትጀምሪያለሽ፣ ወደ በሩ ወደ ኋላ እየሄድሽ ትዳብሺዋለሽ። የራስሽን ዱካ ራስሽ ታጠፊያለሽ። በሩ ላይ ስትደርሺ ማንም ያልረገጠው ይመስላል። ከዚያ ቆልፌ እወጣለሁ። ቁልፉ አንድ ነው፤ የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ፤ የሚውለውም የሚያድረውም አንገቴ ላይ ነው።

መጀመሪያ የከነከነኝ አቧራው ነው።

ሌላው መጽሐፍ ያነባል፤ እኔ አቧራ አነባለሁ። ሰው የሚገባበት ቤት አቧራ ግራጫ ነው። ክር አለው፣ ፀጉር አለው፣ የሰው ገላ አለው። ከእነዚያ ፎቆች ጫፍ ላይ የማራግፈው ግን ነጭ ነበር። እንደ ዱቄት የላመ።

አንድ ክር የለው። አንድ ፀጉር የለው። በቀን ሁለት መቶ ሰው እየገባበት!

ለዘበኛው ነገርኩት። ሻምበል ነው የሚሉት፤ ከዱላ በቀር ምንም ይዞ አያውቅም።

«እትዬ፣ አቧራ አቧራ ነው» አለኝ።

«ያንተ ቤትማ አቧራ ያው ነው። ከተጠረገ ዓመት ሞልቶታል።»

«ቤቴን የት አየሽው?»

«ኮትህን አየሁት፤ ይበቃኛል።»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ... ሰባት ሰዓት ላይ በሩን ከፈትሁ።

አሸዋው ላይ ዱካ አለ።

ከበሩ አይነሳም። ከግድግዳው ነው የሚነሳው። ከስዕሉ ሥር ተነስቶ ወደ እኔ ይመጣና ክፍሉ መሐል ላይ... ያቆማል። የተመለሰበት የለም።

ባዶ እግር ነው።

የኔ እንዳልሆነ ወዲያው አውቄያለሁ። የኔ እግር የታወቀ ነው። ከመቆም ብዛት የሁለቱም አውራ ጣቶቼ አጥንት ወደ ጎን ወጥቶ ጠባብ ጫማ አይገባልኝም።

ጎንበስ አልኩ።

የግራ እግሩ ትንሿ ጣት የለችም።

ሚጣ አራት ዓመቷ ሳለ፣ ለሥራ ረፍዶብኝ ስቸኩል፣ የብረቱን በር እግሯ ላይ ዘግቼባታለሁ። ያቺን ጣት የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ምን አደረግሁ መሰላችሁ?

ጠረግሁት።

እጄ ለምዶ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዱካ ያየ እጅ ያጠፋል። ልቤ የልጄን እግር እያወቀ እጄ ጠረገው። በሩ ላይ ስደርስ ነው የሠራሁት የገባኝ። እዚያው ተንበርክኬ አሸዋውን በጣቴ ብፈልግ፣ ብፈልግ...

ረቡዕ ዱካው እንደገና መጣ። ወደ በሩ ቀርቧል። አልነካሁትም። መጥረጊያዬን ታቅፌ ጎብኚው እስኪመለስ ቆምሁ።

የዚያኑ ቀን የሙዚየሙ ኃላፊ ጠራችኝ። አርብ ክፍሉ ይፈርሳል፣ አሸዋው ይወጣል፣ ግድግዳው ነጭ ይቀባል አለችኝ። የድሮ ወንበሮች ሊያሳዩበት ነው።

እኔ በዕድሜዬ ሰው ለምኜ አላውቅም። ተርቤም አልለመንኩም። ያን ቀን ግን...

«የኔ ልጅ፣ ግድግዳውን ብቻ ተይልኝ። ወንበራችሁን ደርድሩ፣ እሱን ብቻ።»

«እማማ፣ ልጅዎ መሆኗን አውቃለሁ። ግን ሰው አልወደደውም። ሆድ ያስብሳል ይላሉ።»

«ሆድ ያስብስ! ወንበር አይተው ሊስቁ ነው?»

«ተወስኗል፣ እማማ።»

ሐሙስ፣ ሰባት ሰዓት። በሩን ከውስጥ ዘጋሁ።

ዱካው ገመዱ ድረስ መጥቷል። ጣቶቹ ገመዱን ነክተው ቆመዋል።

ጫማዬን አወለቅሁ። ገመዱን አለፍሁ። አሸዋው ሞቃት ነው... ውስጡ ድረስ ሞቃት። ቀዩ መብራት ጀርባዬን እንደ እውነተኛ ፀሐይ ለበለበኝ።

ግድግዳው ጋ ደረስኩ።

«ሚጣ?»

መዳፌን ስዕሉ ላይ አሳረፍሁ።

«ሚጣዬ... እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሰማሁ። ከግድግዳው አይደለም። ከግድግዳው ወዲያ፣ በጣም ከሩቅ፣ ሰው ከሜዳ ጫፍ ሆኖ እንደሚጣራ...

«እማ...»

«የት ነሽ?»

«ደጁ ላይ።»

«ከማን ጋር?»

ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ።

«ከማንም።»

«ነይ ውጪ! ቤታችን እንሂድ!»

«አልችልም... አሸዋው በሩን እየቀበረው ነው፣ እማ። በእጄ ነው የምጠርገው። በእጄ...»

መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩላት። እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬበታለሁ፤ ሌሎቹ የጽዳት ሴቶች እንዳይወስዱብኝ።

«አንቺስ?» አለችኝ። «ትቀሪያለሽ?»

ግድግዳው እጄ ሥር... ለስለስ አለ። እንደ ሰው ሆድ ገባ፣ ወጣ።

ሸሸሁ።

እኔ! ማንንም አልፈራም የምለው ሴትዮ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በሩንም ሳልቆልፍ ሸሸሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ብቻሽን ቅሪ አልኳት።

ሌሊቱን ሙሉ ለራሴ ተሳደብኩ። ሲነጋ እሷ ጋ ልገባ ወስኜ ነበር። ጫማም ሳላስር እየሮጥሁ መጣሁ።

ቀድመውኛል።

አሸዋው ተዝቆ ወጥቷል። ቀለም ቀቢው ሩሎውን ይዞ ከግራ በኩል ጀምሯል። ግማሹ ግድግዳ ነጭ ሆኗል።

«እዚህ የነበረ መጥረጊያ የታለ?»

«መጥረጊያ አላየሁም፣ እማማ።»

ወደ ስዕሉ ቀረብኩ። ያቺ ትንሽ ቤት አለች። በሩ... ተከፍቷል።

ከበሩ ጎን ከፀጉር የቀጠነ ነገር ቆሟል። ጫፉ ላይ ነጠብጣብ የምታክል ቀይ።

ደጁ ተጠርጓል። እኔ እንዳስተማርኳት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ዱካ ሳይቀር።

«አቁም!» አልኩት። «የኔ ልጅ፣ እግርህ ላይ ልውደቅ፣ ይቺን ብቻ...»

«እማማ፣ እኔም የታዘዝኩ ሰው ነኝ» አለኝ። ፊቱን አዙሮ ሩሎውን አሳለፈው።

ነጭ።

እዚህ ጋ አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም።

ሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ያንን ክፍል ልወለውል ገባሁ። ወንበሮቹ ተደርድረዋል። ከነጩ ግድግዳ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ አንድ እፍኝ ነጭ አሸዋ ተከምሯል። ጠራጊ ሰብስቦ ሊያፍሰው እንደተወው ዓይነት ክምር።

ማክሰኞም አለ። ረቡዕም። በየቀኑ፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ትኩስ።

በጣቴ በተንሁት። አሁን ፀጉር አለው።

አንድ ዘለላ። ጥቁር፣ ረጅም። እኔ የጎነጎንኩት ፀጉር ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ።

በመሐረብ ቋጥሬ ቤቴ ወሰድኩት። በየቀኑ አንድ፣ በየቀኑ አንድ።

በሁለተኛው ሳምንት ያገኘሁት ጫፉ ነጭ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ጥቁር አጣሁ።

ባለፈው እሁድ መሐረቡን ፈትቼ፣ የመጨረሻውን ዘለላ ከራሴ ፀጉር ጋር መስኮት ላይ አስተያየሁት። የኔ ገና ግራጫ አለበት። የሷ... ወተት ነው።

ልጄ አርጅታብኛለች። እዚያ ምድረ በዳ ውስጥ፣ አንድ ሰው ሳይመጣ፣ ደጅ እየጠረገች ከኔ በላይ አርጅታብኛለች።

ዛሬ ለሻምበል ቁልፌን ሰጠሁት።

«ምን ሆነሻል? ጡረታ ወጣሽ?»

«ይዘህ ቆይ። ነገ ካልመጣሁ ደግሞ ኮትህን አራግፍ።»

«የት ልትሄጂ?»

«ልጄ ጋ።»

መሞቴ መስሎት ደነገጠ፤ ዱላውን ጣለው። ሞኝ።

ወደ ግድግዳው መግባቴ ለነገ ነበር። ዛሬ የወረድኩት ክምሩን ላነሳ ብቻ ነው።

ክምሩ የለም።

አሸዋው ከግድግዳው እስከ በሩ ስስ ሆኖ ተነጥፏል። ቀዩ መብራት ከተነሳ ወር አልፎታል፤ አሸዋው ግን ቀልቷል።

ላዩ ላይ የሁለት ሰው ዱካ አለ። ጎን ለጎን።

አንደኛው እየተጎተተ ነው የሄደው፤ ያረጀ ሰው ነው። የግራ እግሩ ትንሿ ጣት የለችም።

ሁለተኛው ደግፎት ይሄዳል። የሁለቱም እግሩ አውራ ጣት አጥንት ወደ ጎን ወጥቷል።

ሁለቱም ወደ ግድግዳው ይሄዳሉ። የተመለሰበት የለም።

ጎንበስ ብዬ እግሬን አየሁ...

ጫማዬን እንዳደረግሁ ነኝ። ከበሩ አልፌ ገና አልረገጥሁም።