የሐሙሱ ምልክት

ሽማግሌው የጂኦግራፊ መምህር በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ወለል ላይ በአፍ ጢማቸው ተደፍተው፣ ሞተው የተገኙት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ማጅራታቸው የተመታበት የሉል ብረት መቆሚያ አጠገባቸው ወድቋል። መርማሪዋ ስትደርስ ፍርዱ ቀድሟት ነበር፤ የሟች ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ እጇ በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«ነገሩ አልቋል» አሏት አዛዡ። «ሐኪሙ የሞቱት ከጠዋቱ ሦስት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ይላል። እኩለ ቀን ላይ ግን በሕይወት ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ትናንት ሲጨቃጨቁም ተሰምተዋል።»

«እኩለ ቀን ላይ በሕይወት እንደነበሩ ማን አየ?»

«ወለሉን ተመልከቺ።»

ጣሪያው ላይ፣ ከግድግዳው አጠገብ፣ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ልክ እኩለ ቀን ሲሆን በዚያች የምትገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ በተሰመረው ረጅም መስመር ላይ ክብ ብርሃን ትጥላለች። ሽማግሌው ክቧ ባረፈችበት ቦታ በጠመኔ አጭር ሰረዝ እየሳሉ ቀኑን ይጽፉ ነበር። የመጨረሻዋ ሰረዝ የሐሙስ ናት።

መሥሪያ ቤቱ መርማሪዋን «ችኮ» ይላታል፤ ፊት ለፊቷ ሳይቀር። እሷም ስሙን ወዳዋለች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሰረዞቹን በጣቷ ስትለካ አዛዡ ሰዓታቸውን ሁለቴ አዩ።

ቀጥላ ዘበኛውን ጠራች።

«ዛሬ ማን ማን ገባ?»

«መምህሩ በጠዋት። ርዕሰ መምህሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ገብተው አራት ሰዓት ላይ በመኪና ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። ስምንት ሰዓት ላይ ልጅቱ መጣች፤ ወዲያው ጩኸቷን ሰማሁ።»

«ሰማዩስ እንዴት ሰነበተ?»

«ዛሬ ገና መገለጡ ነው እኮ! ዘጠኝ ቀን ሙሉ ፀሐይ የሚባል አላየንም፤ በብርድ አለቅን።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምጿ ግን አልተሰበረም።

«በምን ተጣላችሁ?» አለቻት መርማሪዋ።

«በርዕሰ መምህሩ መጽሐፍ። ወቅት የሚቀያየረው ምድር ከፀሐይ ስትርቅና ስትቀርብ ነው ይላል። ያለ አባዬ ፊርማ አይታተምም። ፈርምና ተገላገል አልኩት፤ ከሥራ እንዳያባርሩት ፈርቼ። ‹ልጆች ውሸት ከሚማሩ እጄ ይቆረጥ› አለኝ።»

ርዕሰ መምህሩ ደግሞ መሐረብ ይዘው መጡ። «ሐዘኔ ከባድ ነው፣ ኢንስፔክተር። እኔ ስወጣ ደህና ነበሩ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ሃያ ሰው ይመሰክርልኛል።»

አዛዡ የክሱን ወረቀት ዘረጉላት። «ፈርሚ።»

«አልፈርምም። ነገ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ሰው እዚህ ይሰብሰብልኝ።»

«ትእዛዝ ነው!»

«እኔም እምቢ ብያለሁ። ከፈለጉ ነገ ከሰዓት መታወቂያዬን ይቀበሉኝ።»

ዓርብ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሁሉም በመስመሩ ዙሪያ ቆሙ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። መርማሪዋ ዘበኛውን አስጎነበሰችው።

«ከሐሙሷ በፊት ያለችው ሰረዝ የመቼ ናት?»

«ያለፈው ሳምንት ሰኞ።»

«ሁለቱ በስንት ጣት ይራራቃሉ?»

«በአራት። ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው።»

«ሌሎቹ የአንድ የአንድ ቀን ልዩነት ነው ያላቸው። ይህቺ የአስር ቀን።»

«ደመና ነበር እኮ!» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ፀሐይ ሳትወጣ ምን ይሰመራል?»

«ምንም። ምድር ግን ደመና ነው ብላ አልቆመችም። አጋድላ ፀሐይን ስለምትዞር፣ በዚህ ሰሞን የእኛ ወገን በየቀኑ ወደ ፀሐይ እያዘነበለ ይመጣል። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከትናንቱ ከፍ ትላለች፤ ጨረሯም ቀጥ ብሎ ይወርድብናል። ሙቀት የሚመጣው በዚህ ነው እንጂ ስለቀረብናት አይደለም። ክቧም በየቀኑ አራት ጣት ወደ ግድግዳው ትጠጋለች፤ አየናት አላየናት።»

ወዲያው ብርሃኑ መስመሩ ላይ አረፈ። ዘበኛው ከሐሙሷ ሰረዝ ጀምሮ በጣቱ ለካ።

«አርባ!» ብሎ ጮኸ።

«ከሐሙስ እስከ ዛሬ ያለው የአንድ ቀን መንገድ አራት ጣት ብቻ መሆን ነበረበት» አለች መርማሪዋ። «መምህሩ ቢሆኑ ብርሃኑን አይተው ያሰምሩ ነበር። ይህን ያሰመረው ሰው ግን ብርሃኑን አልጠበቀም፤ ከእኩለ ቀን በፊት፣ የደመናውን ቀናት ሳያስብ፣ ከሰኞዋ ሰረዝ አራት ጣት ቆጥሮ ቀን ጻፈባትና ወጣ። ልጅቱ የመጣችው ከእኩለ ቀን በኋላ ነው፤ ያሳሰራትም ይኸው ምልክት ነው። ከእኩለ ቀን በፊት እዚህ የገባው ማን ነው? መምህሩ እኩለ ቀን ላይ በሕይወት ነበሩ መባሉስ ማንን ነጻ ያወጣል?»

ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞረ።

«አንድ ፊርማ ነው የለመንኩት!» አሉ ርዕሰ መምህሩ በተሰበረ ድምፅ። «አንድ! በተማሪ ፊት አላዋቂ አለኝ!»

ሁለት ፖሊሶች ይዘዋቸው ሲወጡ አዛዡ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሌላውን ፖሊስ «ፍታት» ብለው አዘዙ። ልብስ ሰፊዋ እጇን ሰበሰበች።

«እሱ አይደለም ያሰረኝ» አለች። «አባቴ ሬሳው ሳይነሳ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ገዳይ ብለው ያሰሩኝ እርስዎ ነዎት። ሰው ሁሉ እያየ እርስዎ ይፍቱኝ።»

አዛዡ ወደ መርማሪዋ ዞሩ። መርማሪዋ ቁልፉን ከፖሊሱ ተቀብላ አቀበለቻቸው።

አዛዡ ቆባቸውን አወለቁና ጎንበስ አሉ።