ከኖራው ሥር ያለው ኪስ

እናቴ «ቀትር ላይ ብቻህን ደጅ አትቁም» ስትለኝ የምስቅ ልጅ ነበርኩ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰ ሰው ጋኔን ይፈራል ወይ እያልኩ አበሽቃት ነበር፣ ዛሬም ቢሆን ስለ ጋኔን የማውቀው ነገር የለኝም። የማውቀው ያየሁትን ብቻ ነው። እሱንም እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው... ብቻ ልሞክር። አንተም እንደ ወዳጅ ሆነህ አንብበው፣ ባታምነኝ አልቀየምህም።

ታላቅ ወንድሜ ይመር እዚህ መካነ ሰላም የሥዕል አስተማሪ ነበር። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ ሲመለስ ሰው ሁሉ መልአክ ወይም ንጉሥ ይሥልልናል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሱ በር የምታህል ሳንቃ አስገጥሞ፣ በላይዋ ጨርቅ፣ ጆንያ፣ ጋዜጣ፣ ቀይ አፈርና አመድ እየደራረበ ይለጥፍ ጀመር። የጀመራት በረሃቡ ዓመት ነው። በወግዲ በኩል ከቆላ እየወጡ መንገድ ላይ የሚወድቁትን ሰዎች ከሚቀብሩት አንዱ እሱ ነበር፣ ስማቸውን የሚያውቅ የለም፣ ከፈን የለም፣ ታዲያ ከእያንዳንዱ ሰው ልብስ መዳፍ የምታህል ቁራጭ በመቀስ ቆርጦ ያስቀር ነበር። በእኛ አገር ሬሳው ያልተገኘ ሰው በልብሱ ይለቀስለታል፣ ልብሱ አልጋ ላይ ይዘረጋና ዘመድ እሱን እያየ ያለቅሳል። «ዘመዶቻቸው አንድ ቀን ፈልገው ቢመጡ የሚያለቅሱበት ይኑራቸው» ይለኝ ነበር። ቁራጮቹን በግራር ሙጫ ይለጥፋል፣ አፈር ይቀባባቸዋል፣ ሲደርቅ ይፍቃል፣ እንደገና ይደርባል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራው ይኸው ነበር፣ ሙጫውን የማቀብለው እኔ ነኝ።

ጎረቤታችን ጋሽ ሁሴን ልብስ ሰፊ ናቸው፣ በመጡ ቁጥር ይቀልዱበታል።

«ይመር፣ እኔ ጨርቅ ስገጣጥም ሰፊ ተባልኩ፣ አንተ ስትለጣጥፍ ሰዓሊ ተባልክ። ወላሂ እኔም አዲስ አበባ ሄጄ በተማርኩ ኖሮ!»

«የርስዎ እኮ ይለበሳል፣ ጋሽ ሁሴን።»

«ያንተስ ምንድን ነው? ሰው ነው? አገር ነው? ምኑን ነው የማየው?»

«ገና አላለቀም» ይላል ይመር። መልሱ ሁልጊዜ ይህቺው ናት።

አብዮቱ ሲመጣ እንደሱ የተደሰተ ሰው አላየሁም፣ ረሃቡን የደበቁት ሊጠየቁ ነው ብሎ። ኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ፣ የተማረ ወጣት ይታሰር ጀመር። የቀበሌው ታጣቂዎች ይመርን የወሰዱት ማክሰኞ ጧት ነው። በዚያው ሳምንት ጋሽ ሁሴን አዲስ ሸሚዝ ሰፍተውለት ነበር፣ ሰማያዊ፣ ቀጫጭን ነጭ መስመር ያለው፣ ጨርቁ ከደሴ ገና መምጣቱ ነው። የኪሱ ቁልፍ ላልቶ ስለነበር እናቴ ነጭ ክር አጥታ እንደለበሰው በቀይ ክር ሰፋችለት፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፣ እሱም «ቀይ? አንቺም አብዮተኛ ሆንሽ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ በሩ ተንኳኳ። ሲፈትሹ ሳጥኑን ከነልብሱ፣ መጽሐፉንም ጭምር ወሰዱት። ሳንቃዋን ግን አይተው ቆሻሻ መስላቸው ተዋት።

በዘጠነኛው ቀን «ሬሳ አትጠይቁ፣ ለአናርኪስት አይለቀስም» ተባልን። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ተቀመጠች። ደግሞስ በምኑ ላይ ታልቅስ? አንድ ካልሲ እንኳ አልተረፈልንም።

ወር ሳይሞላ የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ።

«ሞላ፣ የወንድምህ ሳንቃ አለች አይደል? ኖራ ቀባትና መፈክር ጻፍባት፣ ለነገው ሰልፍ። ጽሕፈትህ ያምራል አሉ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እሷ እኮ...»

«እሷ ምን?»

«ምንም» አልኩ። ይህቺን «ምንም» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ለእናቴ ስነግራት «ቀባት። ሳንቃ ናት። አንተን ደግሞ አልሰጥም» አለችኝ፣ ከዚያ እንዳታይ ጓዳ ገባች።

ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ግድም፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሳንቃዋን ግቢ አውጥቼ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ኖራውን መቀባት ጀመርኩ። የሰዎቹ ጨርቅ አንድ በአንድ ነጭ ሲሆን ዓይኔን እየመለስኩ ነበር የምቀባው፣ ይኼ የፍርሃት አይደለም፣ የሐፍረት ነው። ጨርሼ ጀርባዬን ሰጥቼ ብሩሹን ሳጥብ ድምፅ ሰማሁ። ቅርጭ... ቅርጭ... ጨርቅ የሚቆርጥ መቀስ። ጋሽ ሁሴን ናቸው ብዬ ማጠቤን ቀጠልኩ። ቆይቶ ግን ትዝ አለኝ፣ ዓርብ ነው፣ እሳቸው ጁምዓ ሄደዋል፣ ባጥሩ ሳይ ሱቃቸው ተቆልፏል። ወደ ሳንቃዋ ስጠጋ ድምፁ ቆመ።

እመነኝ፣ ያን ጊዜም አልፈራሁም፣ ኖራ ሲደርቅ ይጮሃል ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ግን መሐሏ ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ ኖራውን አልቀበል አለች። ደግሜ ቀባኋት፣ እንደ ላብ ወርዶ ጠፋ። ሦስተኛ ቀባኋት፣ ያው ነው። ዙሪያው ደርቆ እሷ ብቻ ርጥብ ናት። ላስተካክላት ብዬ በቢላዋ መፋቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ጋዜጣ መጣ፣ ቀጥሎ የእርዳታ ስንዴ ጆንያ፣ ቀጥሎ ቀይ አፈር፣ ከዚያ የአንዲት ሕፃን ቀሚስ ቁራጭ። ይህቺን አውቃታለሁ፣ ሕፃኗን ስንቀብር ነበርኩ፣ ጨርቋን ሲለጥፋትም ሙጫውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፣ በረሃቡ ዓመት። ሙጫው እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። በቢላዋ ጫፍ ቀስ ብዬ አነሳኋት።

ከሥሯ ሰማያዊ ጨርቅ ነበር። ነጭ መስመር ያለው። ኪስ ነው። ቁልፉ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። እናቴ እንዴት እንደወጣችም አላውቅም፣ አልጠራኋትም። ጎንበስ ብላ ክሩን በጣቷ ነካችው።

«በጥርሴ የበጠስኩት ነው» አለች።

ጋሽ ሁሴን ከመስጊድ ሲመለሱ ሮጬ አመጣኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ አወለቁት፣ ጠርገው እንደገና አዩት።

«ጨርቁ አልበቃኝ ብሎ ኪሱን አጋድሜ ቆረጥኩት፣ የሸሚዙ መስመር ቁም ነው፣ የኪሱ ጋድም። እሱም ስቆብኝ ነበር። ይኼ የኔ እጅ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፣ ድምፃቸው ወርዶ። «ሞላ፣ ከላይ ነው ያገኘሁት በለኝ።»

«ከሥር ነው፣ ጋሽ ሁሴን። ከሕፃኗ ሥር።»

«አዑዙ ቢላህ» አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ።

እኔም አስቤበታለሁ፣ ሰው በስውር ገብቶ ለጥፎት ይሆናል ብዬ። ማን? መቼ? ያንን የደረቀ ሙጫ ሳይሰብር፣ ሕፃኗን ሳይነካ እንዴት? ደግሞስ ሸሚዙ ከይመር ገላ ላይ ነበር። ጨርቁ ራሱ በረሃቡ ዓመት ገና አልተሸመነም። እስከዚህ ድረስ አስባለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አልችልም።

በዚያች ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኪሱን ነቅለን አልጋ ላይ ዘረጋነው፣ እናቴም ልጇን አለቀሰችው። ጋሽ ሁሴን «አብሽሪ፣ እንደ ልብሽ አልቅሺ» ብለዋት ወደ ሱቃቸው ሄዱ፣ መንገደኛ እንዳይሰማን ብለው ጨርቅ የሌለበትን የስፌት መኪና እስኪመሽ አሽከረከሩት። ግድግዳችን አንድ ነው፣ ልቅሶውም መኪናውም አብረው ይሰሙኝ ነበር።

መፈክሩስ? የቤታችንን በር ነቅዬ ኖራ ቀባሁና በሩ ላይ ጻፍኩት። ሊቀመንበሩ ሳንቃዋን ሲጠይቀኝ ምስጥ በልቷታል አልኩት፣ ጽሕፈቱንም አመሰገነ። ክረምቱን በበር ፈንታ ጆንያ ሰቅለን አሳለፍነው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ያልነገርኩህ አለ። ኪሱን ስነቅል ከሥሩ ባዶ እንጨት ይመጣል ብዬ ነበር። አልመጣም። ሌላ ጨርቅ አለ፣ ወፍራም፣ ሻካራ፣ ቀለሙ የደረቀ ቅጠል የመሰለ፣ ሁለት ጣት ያህል ጫፉ ብቻ ታየኝ። ለጋሽ ሁሴን አሳየኋቸው፣ ዳሰሱት። «እንዲህ ያለ ጨርቅ በእጄ አልፎ አያውቅም» አሉ። እናቴ እንዳታየው አፈር ለወስኩና ደፈንኩት፣ የሕፃኗንም ቁራጭ በቦታዋ መለስኩ።

ባለፈው ሳምንት ወደ ጦር ግንባር የሚሄዱ ዘማቾች ስም ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ፣ ስሜ አራተኛ ላይ ነው። እናቴ ስሜን ካየች ወዲህ ያንን ኪስ ከደረቷ አታወጣውም። ነገ ጧት በጭነት መኪና ወደ ወረኢሉ እንሄዳለን፣ ይህን ደብተር ለጋሽ ሁሴን ትቼው ነው የምሄደው። ወታደሮቹ የሚለብሱትን አውቃለሁ፣ ሳንቃዋ ላይ ከኪሱ ሥር ያየሁት ጨርቅ እሱ አይደለም። ለእኛ ግን አዲስ ዓይነት ልብስ መጥቷል ይላሉ፣ ወረኢሉ ላይ ይታደላችኋል ብለውናል። ያዩት ሰዎች ገበያው ውስጥ ሞልተዋል።

ቀለሙን አልጠየቅኩም።