የይበልጣል ቃል ኪዳን

ከሚሴ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ልብስ ሰፊው ይበልጣል ከሚስቱ ከብርቄና ከአንዲት ልጃቸው ከቤተልሄም ጋር ይኖር ነበር። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ዘይኑና ሚስቱ ረቢአ አሉ። ብርቄ በወለደች ሰሞን ታማ አልጋ ስትይዝ፣ ሕፃኗን ከራሷ ልጅ ጋር እያፈራረቀች ያጠባቻት ረቢአ ናት። ቤተልሄም ሁለት እናት አላት ይባል ነበር። እንዲህ የተሳሰረን ቤት ምን ሊፈታው ይችላል? የሚፈታው ንጽሕናን ከልቡ የተራበ ሰው ይሆናል ብሎስ ማን ያስባል...

ይበልጣል ክፉ ሰው አልነበረም። ያመልክበት የነበረው ጉባኤ ሽማግሌዎች በመሪነት ተጣልተው ፍርድ ቤት ሲካሰሱ ባየ ጊዜ ልቡ ተሰበረ። ጾመ፣ አለቀሰ፣ ለመናቸው፤ የሚሰማው አላገኘም። በመጨረሻ የስፌት መኪናውን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ፣ እንደ እርሱ ያዘኑ ጥቂት ቤተሰቦችን ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበ። ማኅበሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። መጠጥ ሊያጠፋው የነበረው ሹፌር ወንድማገኝ እዚያ ሳሎን ውስጥ መጠጥ ተወ። ለዓመታት የተኳረፉ ባልና ሚስት እዚያ ታረቁ። ያገኙት ሰላም ግን ከእጃቸው እንዳያመልጥ ፈሩ። ስለ ፈሩም ቃል ኪዳን ገቡ። ከኪዳኑ ውጭ ካለ ሰው ጋር ማዕድ አይቆርሱም፤ ሠርጉም ላይ ለቅሶውም ላይ አይቀመጡም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሙታኑን በአንድነት ከሚቀብርበት ከሰፈሩ ቅሬ ሳይቀር ወጡ። ኪዳኑን ያፈረሰ ይለያል፤ የገዛ ቤተሰቡ እንኳ ዓይኑን አያየውም። ደንቡን ያወጣው ይበልጣል ራሱ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ዘይኑ ሞተ። ቤተልሄም ማንንም ሳታስፈቅድ ለቅሶ ቤት ገብታ ረቢአ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከቀረበው ንፍሮም ቆነጠረች። በሚቀጥለው ሰንበት አባቷ በማኅበሩ ፊት አቆማት።

«ተጸጽቻለሁ በይ፣ ልጄ። አንዲት ቃል ናት» አላት።

«ላሳደገኝ ሰው ነው ያለቀስኩት፣ አባዬ። ሳልጸጸት ተጸጽቻለሁ ብል መዋሸት አይሆንም?»

ሰዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ይበልጣል የገዛ ልጁን ለየ። ብርቄ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነከሰች። ልጅቷ ስትወጣ ረቢአ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ነይ ልጄ። አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» ብላ ወደ ራሷ ቤት ይዛት ገባች።

ቤተልሄም ሩቅ አልሄደችም፤ አጥሩን ተሻግራ ወዲያ ማዶ ተቀመጠች። ይኸው ነበር የባሰው! ጥቂት ወራት ቆይቶ ብርቄን የጉበት ሕመም ጣላት። ደሴ ወስደው አሳከሟት፤ ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን አድርገው ወደ ቤቷ መለሷት። አልጋዋን በአጥሩ በኩል ባለው መስኮት ሥር አደረጉላት። ቤተልሄምም ይህን ስታውቅ ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው ሥር ልብስ እያጠበች ጮክ ብላ ታወራ ጀመር። «እማ ረቢአ፣ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ጨፋ ላይ ማሽላውን ተኛበት አሉ። እማ ረቢአ፣ የትናንቱ ወጥ ጨው በዝቶበታል አይደል? እናቴ ብትቀምሰው ትስቅብኝ ነበር።» ረቢአም ነገሩ ገብቷት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትመልስላታለች። ብርቄ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ትላለች። ይበልጣልስ? ሥራውን የሚሠራ መስሎ አቀርቅሮ፣ ሚስቱ በደንብ እንድትሰማ መኪናውን መርገጥ ያቆም ነበር...

አንድ ቀን ጠዋት ብርቄ ጠራችው።

«ድምፅዋንስ እየሰማሁት ነው። ፊቷን አሳየኝ፣ ይበልጣል።»

ስሟን ቢጣራ ልጅቷ ትሰማው ነበር። እርሱ ግን ኪዳኑን ራሴ ካፈረስኩት ነገ ማን ይጠብቀዋል ብሎ ፈራ። ማኅበሩን ፈቃድ ሊጠይቅ ሚኒባስ ተሳፍሮ ጨፋ ሮቢት ወረደ፤ ብርቄ ከታመመች ወዲህ የሚሰበሰቡት ወንድማገኝ ቤት ነበር። ወንድማገኝ መለሰለት።

«ወንድም ይበልጣል፣ እኔን ከመጠጥ ያወጣኝ ይህ ደንብ ነው። ለአንተ ከላላ ለእኔም ይላላል። እኔ ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ።»

ተከራከሩ፤ ተንበርክከው ጸለዩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይበልጣል ጸሎቱ ሳያልቅ ተነሥቶ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ከአጥሩ አንድ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ወድቋል። ረቢአ የብርቄን ማቃሰት ሰምታ በመጥረቢያ የገነጠለችው ነው። ቤተልሄም የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ብርቄ ግን አልፋለች።

«ምን አለች?» አለ ይበልጣል፣ በሩን ተደግፎ።

«‹አባትሽ መጣ ወይ?› አለች።»

«ምን አልሻት?»

«እየመጣ ነው አልኳት።»

ወደ አልጋው ተጠጋ። «እኔ እኮ ፈቃድ ልጠይቅ ነው የሄድኩት...»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። እሷም ታውቅ ነበር።»

የቅሬው ሰዎች ሳይጠሩ ድንኳን ይዘው መጡ። «እኔ እኮ ከቅሬው ወጥቻለሁ» አላቸው ይበልጣል። መሪያቸው ኑርሁሴን ትከሻውን ያዘው። «አንተ ወጣህ እንጂ ብርቄን ማን አስወጣት? ተነሥ፣ የምንቀብረው ሰው አለን።»

ይበልጣል ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ፤ ረቢአ የዘረጋችለትን ንፍሮም ተቀበለ። በሳምንቱ ወንድማገኝ መጥቶ፣ በደንቡ መሠረት መለየቱን እያለቀሰ ነገረው። «ልክ ነህ» አለው ይበልጣል። «ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

ዛሬ ማኅበሩ ሰፍቷል፤ ሰንበቴ ከተማም ጨፋ ሮቢትም ሰዎች አሉት። ቃላቸው የታመነ፣ ሚዛናቸው ያልተጭበረበረ ሰዎች ናቸው። ገበያ ላይ መሥራቻቸውን ሲያዩ አንገታቸውን ደፍተው ያልፉታል፤ ከእነርሱ ዓይኑ እንባ የሚያቀርርም አለ። እርሱም አይወቅሳቸውም፤ መንገድ ይለቅላቸዋል። ንጽሕናን መጠማት ኃጢአት ነበር እንዴ? አልነበረም። ፈጣሪም ጥማቱን አይንቅበትም ይሆናል። ግን ከብርቄ አልጋ እስከ አጥሩ ያለው መንገድ አጭር ነበር... እርሱ ጨፋ ሮቢት ድረስ ሄደ።