የባለ ጭምብሉ መገጣጠሚያዎች

እኔ በመተት፣ በቡዳ፣ በድግምት ምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። እንጅባራ ላይ ሞባይል እጠግናለሁ፣ ዕቃ የሚበላሸው ወይ ወድቆ ወይ ውሃ ገብቶበት ነው ብዬ የኖርኩ ነኝ፣ «ዐይን በላው» ተብሎ የመጣልኝን ስልክ ሁሉ ከፍቼ የተበጠሰውን ቦታ በጣቴ አሳይቼ ነው የምመልሰው። አሁን የማወራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ እስቅበት ነበር፣ እናንተም ብትስቁ አልቀየምም፣ ብቻ እስክጨርስ ታገሡኝ።

ከሱቄ ጎን ጌትነት የሚባል ፀጉር አስተካካይ አለ፣ አብሮ አደጌ ነው። ልጆች ሆነን ቪዲዮ ቤት ገብተን ሬስሊንግ ስናይ ነው ያደግነው፣ ሌላው ሲያድግ ተወው፣ እኛ ግን ይኸው ጢም አውጥተንም የሬስሊንግ አሻንጉሊት እንሰበስባለን፣ ዳንግላ ገበያ የልባሽ ጨርቅ እስር ሲፈታ አንዳንዴ ከመሃሉ ይወጣል። የምናወዳድረው መልኩን እንዳይመስላችሁ፣ መገጣጠሚያውን ነው። ርካሹ ትከሻውና አንገቱ ብቻ ይዞርና እንደ ምሰሶ ተገትሮ ይቀራል፣ ደህናው ግን ክርኑም፣ ወገቡም፣ ቁርጭምጭሚቱም ይታዘዛል። መፈተኛችን አንድ ነው፣ ይሰግዳል ወይስ አይሰግድም? እውነቴን ነው፣ ጉልበቱ ታጥፎ ግንባሩ ጠረጴዛ ካልነካ እኛ ዘንድ ዋጋ የለውም።

የጌትነት ራሰ በራ አሻንጉሊት ወገቡ ግሩም ነበር፣ ጉልበቱ ግን አንድ መታጠፊያ ብቻ ስላለው ሲሰግድ መቀመጫው ተሰቅሎ ይቀራል፣ ሰውም ይስቅበታል። የኔ ባለ ጭምብል ጉልበቱ ድርብ ነው፣ ተረከዙ መቀመጫውን ይነካል። ይህ ባለ ጭምብል ከሞተው ታናሽ ወንድሜ የቀረኝ ብቸኛ ዕቃ ነው፣ ጌትነትም ያውቃል፣ ቀብሩ ላይ አጠገቤ ነበር የቆመው።

አንድ ቀን፣ «ከኔው ጋር ላስተያየው» ብሎ ወሰደው። ሲመልስልኝ አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረውም፣ ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በሱፐር ግሉ ተደፍኗል፣ ሽታው ገና አልለቀቀውም። ደሜ ፈላ፣ ሄድኩና ደንበኞቹ ፊት ያዝኩት፣ አውራ ጣቱ ላይ ሙጫው ደርቆ ይታያል።

«ምን አድርጌህ ነው ጌትነት?»

«እኔን ነው? ኧረ ባክህ፣ የእንጅባራ ብርድ አድርቆት ይሆናል!»

ደንበኞቹ ሳቁ። እሱም ሳቁ ደስ አለውና ባለ ጭምብሉን ከእጄ ነጥቆ ወደ ላይ አነሳው፣ «እኔ አድርጌው ከሆነ እንደሱ ደርቄ ልቅር!» አለ።

እንደምታውቁት ሰው እንዲህ ሲምል «ተው፣ አትማል» ነው የሚባለው። እኔ ግን «አሜን» አልኩ፣ ከአንጀቴ፣ ደግሜም አልኩት። ሳቁ ቆመ፣ የሚላጨው ሽማግሌ ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ ዞሮ አየኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ፣ መብራት ጠፋ፣ ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በረዶው ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ ደገመ፣ ከመደርደሪያው ነው፣ ቀና ስል የባለ ጭምብሉ ቀኝ ክንድ ታጥፏል። አነሳሁት፣ እመኑኝ፣ ክርኑ እንደ ድሮው ልዝብ ብሎ ይታጠፋል፣ የቀረው ግን እንደ ድንጋይ ነው፣ ጠዋቱን ሙሉ ሙጫ ማስለቀቂያ አፍስሼበት እንቢ ያለኝ ዕቃ እኮ ነው! እሱን በእጄ እንደያዝኩ ከጌትነት ፀጉር ቤት ጩኸት ተሰማ፣ ሮጬ ስገባ ጌትነት የባትሪ ማሽኑን ሰው ራስ ላይ እንደያዘ ቆሟል፣ ቀኝ ክርኑ አልታዘዝ ብሎታል። ቀልደኛ ስለሆነ እየቀለደ መሰለኝ። ዐይኑን ሳየው ግን ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ድምፁን ጠብቄ ነው የምውለው። ቀጭ ሲል የባለ ጭምብሉ ግራ ክንድ ይላላል፣ ማታ ጌትነትን ግራ ክንዱን ያዘው ይባላል። ወገቡ ላላ፣ ጌትነት ከአልጋ ዋለ። ወጌሻ አሸው፣ ጠበል ወሰዱት፣ ራጅ ተነሳ፣ አጥንቱ ደህና ነው። የባለ ጭምብሉ ጉልበቶች የላሉ ቀንማ ጠረጴዛዬ ላይ አንበረከክሁት፣ ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻችኋለሁ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እሁድ ዕለት እናቱ፣ እትዬ ይታይሽ፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሱቄ ገቡ። አልቀመጥም አሉ።

«ልጄ አዲሱ፣ እሱ ነው ያደረገው፣ ነግሮኛል፣ ቅናት ነው። በሞቴ፣ ይቅር በለው።»

«እርስዎ ምን አጠፉ፣ እትዬ» አልኳቸው፣ «ይቅርታ ግን በተወካይ አይሆንም። ራሱ ይምጣ፣ በሳቁብኝ ሰዎች ፊት ይንበርከክና ይለምነኝ።»



«በምን ጉልበቱ ይንበርከክልህ? አንገቱ ብቻ እኮ ነው የቀረለት። እሱም ከደረቀ በምን ይውጥልኛል?»

«እንግዲያው ይቆይ» አልኳቸው። በአገውኛ አንድ ነገር አጉተምትመው ወጡ፣ እኔ አገውኛ አልሰማም፣ ምን ማለት እንደሆነም ማንንም አልጠየቅሁም።

ከባለ ጭምብሉም የቀረው አንገቱ ብቻ ነው፣ እስካሁን ንቅንቅ አላለም። ዛሬ ጠዋት አንድ ደንበኛ ስልኩን እየጠበቀ፣ «በግራ እጅህ ምንድን ነው የያዝከው?» አለኝ። ሳየው ባለ ጭምብሉ ነው፣ አንገቱን በመዳፌ ጨብጬ እያሞቅሁት ነበር፣ ፕላስቲክ በብርድ ሲደርቅ እንዲላላ እንዲህ ነው የምናደርገው። ደንገጥ ብዬ አስቀመጥኩት። ደንበኛው ሲሄድ መልሼ አነሳሁት።